ኤልክ ፍለጋ በፍላት ቶፕስ፦ ስለ ቅኝትና በተራራ ላይ ስለማደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዴንቨርና በአውሮራ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ብዙ ነን። ተራራው በየቀኑ ከመስኮታችን ይታያል፤ ከመኪናው ወርዶ ድንኳን ተክሎ ያደረበት ሰው ግን ጥቂት ነው። እኔ ከጥቂቶቹ አንዱ ነኝ። በየዓመቱ ጁላይ ሲጋመስ ስልኬ ይጮኻል። አንዱ ኤልክ ማደን ፈልጎ ይደውላል፣ ሌላው አንድ ቀን እንኳ በዓይኑ ማየት ፈልጎ፣ ሌላዋ ደግሞ ባለቤቷ ምን ስንቅ ይዞ እንደሚሄድ ልትጠይቀኝ። ለሁሉም የምመልሰውን እዚህ በአንድ ላይ አስፍሬዋለሁ። ወራቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጠርቻለሁ፤ በጋ ስል የዚህን አገር ሞቃት ወራት፣ ክረምት ስል በረዶ የሚጥልበትን ማለቴ ነው፤ የእኛን አቆጣጠር ስጠቀም በእኛው የወር ስም ጠርቼዋለሁ።

ኤልክ ማለት አጋዘን ነው?

ሁላችንም "አጋዘን" እንለዋለን፤ ሌላ ስም ስለሌለን ነው። ዝምድናቸው ግን የራቀ ነው። የባሌው የደጋ አጋዘን ቀንዱ አንዴ ከበቀለ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አብሮት ይኖራል። ኤልክ ግን ቀንዱን በየዓመቱ ይጥላል፤ እንዲህ የሚያደርግ የዱር እንስሳ በአገራችን የለም። የወንዱ ቀንድ በማርችና በአፕሪል ይወድቅና ወዲያው አዲሱ ማቆጥቆጥ ይጀምራል። በበጋው መካከል በቀን እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሚያድግበት ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ ቀንዱ ከፋይ በሚመስል ጸጉራም ቆዳ የተሸፈነ ነው፤ ውስጡ ደም ይዘዋወራል፣ ቢነኩት ይሞቃል። በኦገስት ቆዳው ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ኮርማው ከዛፍ ጋር እየፋቀ ይገፈዋል።

አንድ ጠዋት ይህን ሲሠራ ሩቁን በሚያቀርብ መነጽር አይቼዋለሁ። የተገፈፈው ቆዳ እንደ ተቀደደ ነጠላ ዘርፍ በዓይኑ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ቀንዱ ከሥሩ ደም ለብሶ ቀይ ነበር። አንዲት ትንሽ ጥድ እስክትላጥ ድረስ ሲታገላት ቆየና ሳሩን መጋጥ ጀመረ። ደርሶ የጠነከረ ኮርማ ክብደቱ 300 ኪሎ ይደርሳል፤ ጥንድ ቀንዱ ብቻውን እስከ 18 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ይህን ሁሉ አጥንት የሚያበቅለው በጥቂት ወራት፣ ያውም በሳርና በቅጠል ነው።

ለምን ፍላት ቶፕስን መረጡ?

ፍላት ቶፕስ በሰሜን ምዕራብ ኮሎራዶ ያለ ተራራማ አካባቢ ነው፤ ሲያዩት አምባ ነው። ስሙም "ጠፍጣፋ አናት" እንደ ማለት ነው። ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀረ ጥቁር የባሳልት ድንጋይ አናቱን ለብሶ፣ ዙሪያው ገደል ሆኖ፣ ላዩ ለጥ ያለ የሳር ሜዳ ነው። ወሎ ያደገ ጓደኛዬ ከያምፓ ከተማ ወደ ስቲልዋተር ግድብ በሚወስደው መንገድ ላይ ቀና ብሎ ሲያየው "ይህማ የእኛ አገር ነው" አለ። አልተሳሳተም፤ የእኛም አምባዎች አብዛኞቹ የባሳልት ናቸው።

ኤልክ የሚፈልጋቸው ሦስት ነገሮች ማለትም ሳር፣ ውኃና ጥቅጥቅ ያለ ጫካ እዚያ ተቀራርበው ይገኛሉ። ኮሎራዶ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ የላቀ የኤልክ ቁጥር አላት፤ በግዛቲቱ ትልቁ መንጋ ደግሞ በፍላት ቶፕስና በዙሪያው የሚኖረው የዋይት ሪቨር መንጋ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ለገበያ ይታደን ስለነበር ኤልክ ከኮሎራዶ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር፤ በ1910ዎቹ ከዋዮሚንግ ተጭነው የመጡ ኤልኮች ናቸው ቁጥሩ እንዲያንሰራራ የረዱት።

ቦታው ሌላም ታሪክ አለው፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም። በ1919 አርተር ካርሃርት የተባለ የደን አገልግሎት ባለሙያ ወደ ትራፐርስ ሐይቅ ተላከ። የተሰጠው ሥራ በሐይቁ ዙሪያ ለበጋ ቤቶች የሚሆን ቦታ መሸንሸንና መንገድ መቀየስ ነበር። እሱ ግን ለአለቆቹ ያቀረበው ሐሳብ ሐይቁ እንዳለ ይተው የሚል ሆነ፤ አለቆቹም ተቀበሉት። መንግሥት እንዲህ ያሉ ቦታዎችን የሚጠብቀውን ሕግ ያወጣው ከዚያ 45 ዓመት ቆይቶ በ1964 ነው። ፍላት ቶፕስ በዚህ ሕግ ሥር የገባው በ1975 ሲሆን ወደ 95 ሺህ ሄክታር ይሸፍናል። ዛሬ ሐይቁ ዳር ቆመው አንድም የግል ቤት ባያዩ፣ አንድ ወጣት ባለሙያ የታዘዘውን ሥራ ትቶ ያመነበትን ስለተናገረ ነው።

ከዴንቨር እስከ ያምፓ በመኪና ወደ 3 ሰዓት ይወስዳል። በምዕራብ በኩል በሚከር ከተማ አድርገው ወደ ትራፐርስ ሐይቅ መግባት ይችላሉ፤ መንገዱ ይረዝማል፣ መጨረሻውም አስፋልት የለውም። ነዳጅዎን በከተማው ውስጥ ይሙሉ፤ ከዚያ ወዲያ የስልክ ኔትወርክም አያገኙም።

ቅኝት ለምን ያስፈልጋል? ወቅቱ ሲከፈት በቀጥታ ብሄድስ?

እኔ የመጀመሪያውን ዓመት እንዲያ አደረግሁ። አምስት ቀን ሙሉ ከንጋት እስከ ምሽት ተራመድሁ፤ ያየሁት የሌሎች አዳኞችን ብርቱካናማ ሰደርያ ብቻ ነበር። ተራራው ባዶ መሰለኝ። በቀጣዩ ዓመት በኦገስት ምንም መሣሪያ ሳልይዝ ለአራት ቀን ሄጄ አንድ ኮረብታ ላይ ተቀመጥሁ፤ ባዶ በመሰለኝ በዚያው ሸለቆ ውስጥ 31 ኤልክ ቆጠርሁ። እንስሳው ዱሮም እዚያው ነበር፤ ማየት ያልቻልሁት እኔ ነበርሁ።

ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ ለአደን አምስት ቀን ካለዎት፣ ለቅኝት ቢያንስ ያንኑ ያህል ይስጡ። ቅኝት የአደን ቅድመ ሥራ ብቻ አይደለም። ማደን ጨርሶ የማይፈልግ ሰውም ይህን ቢያደርግ ከተራራው ብዙ ይዞ ይመለሳል።

መቼ ልሂድ?

ከጁላይ አጋማሽ እስከ ኦገስት መጨረሻ። በዚያ ጊዜ ኮርማዎቹ ከሴቶቹ ተለይተው አምስትም ስድስትም ሆነው ዛፍ መብቀል ከሚያቆምበት ከፍታ በላይ ባሉ ሜዳዎች ላይ ይውላሉ፤ ንፋስ ስለሚበዛ ዝንቡ አያስቸግራቸውም፣ ሳሩም ለጋ ነው። ጸጉራቸው ቀላ ያለ ስለሆነ በአረንጓዴው ላይ ከሩቅ ይለያል። ሴቶቹ በሜይ መጨረሻና በጁን መጀመሪያ የወለዷቸውን ጥጆች ይዘው ዝቅ ባሉ መስኮች ይሰማራሉ።

ቀስት የሚያድኑ ሰዎች ወቅት በሴፕቴምበር ነው፤ የጠመንጃው ከኦክቶበር አጋማሽ ጀምሮ በየተራ እስከ ኖቬምበር ይዘልቃል። በረዶ ሲጠና ኤልኮቹ ወደ ቆላው ስለሚወርዱ በኦገስት ያዩት ቦታ ለኖቬምበር አይጠቅምዎትም።

ከቤት ሳልወጣ ምን ማድረግ እችላለሁ?

ካርታ ማጥናት። የሳተላይት ምስልና የከፍታ መስመር ያለው ካርታ አብረው ይክፈቱ። ወደ ሰሜን የሚያዩ ቁልቁለቶችን ይፈልጉ፤ ፀሐይ ስለማያገኛቸው ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ጫካ ይዘዋል፣ ኤልክም ቀኑን እዚያ ተኝቶ ያመሰኳል። ከዚያ ጫካ ሥር ወይም ጎን ሳር ያለበት ሜዳና ምንጭ ካለ ምልክት ያድርጉበት። ቀጥሎ ከመኪና መንገድ ያለውን ርቀት ይለኩ፤ ሰው የሚበዛበትን ቦታ ኤልክ ይሸሻል። በመጨረሻ ከሸለቆው ማዶ ሆነው ሁሉንም ሊያዩበት የሚችሉበትን ጉብታ ይፈልጉ። ሦስት እንዲህ ያሉ ቦታዎች ይዘው ይሂዱ፤ ሁለቱ ሊያሳፍሩዎት ይችላሉ።

እዚያ ስደርስ ምን ልፈልግ?

ብዙ ሰው እየተራመደ ይፈልጋል። ትክክለኛው መንገድ ቁጭ ማለት ነው። ገና ሳይነጋ ጉብታዎ ላይ ይድረሱ፣ ጀርባዎን ለዛፍ ወይም ለድንጋይ ይስጡ፣ መነጽርዎን በጉልበትዎ ላይ ያስደግፉ። አሥር እጥፍ የሚያቀርብ የእጅ መነጽር ይበቃል። ማዶ ያለውን ተዳፋት እንደ ማሳ በትልም በትልም ከፍለው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ቀስ ብለው ይሂዱበት። ሙሉ እንስሳ አይፈልጉ። በቆሙ ግንዶች መካከል አግድም የተጋደመ መስመር፣ ፈዘዝ ያለ ቢጫ የሚመስል መቀመጫ፣ ዝንብ ለማባረር የተወዛወዘ ጆሮ፤ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። ፀሐይ ከወጣች ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ አብዛኞቹ ወደ ጫካ ይገባሉ፤ የገቡበትን ቦታ በካርታዎ ላይ ይመዝግቡ።

ቀትር ላይ፣ እነሱ ተኝተው ሳሉ፣ ከተኙበት ርቀው ዱካ መፈለግ ይችላሉ። የኤልክ ኮቴ ርዝመቱ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። እዚያው የሚሰማራ የቀንድ ከብት ስላለ እንዳይሳሳቱ ይጠንቀቁ፤ የከብቱ ኮቴ የበለጠ ክብና ሰፊ ነው። ፋንድያው በበጋ ለጋ ሳር ስለሚበላ ለስለስ ያለና የተያያዘ ነው፤ ወደ መኸር ሲጠጋ እንደ ፍየል በጠጥ ይሆናል፣ መጠኑ ግን ይበልጣል። ትኩሱ የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል፤ ደርቆ ከነጣ ያለፈ ታሪክ ነው። አስፐን የሚባለው ነጭ ግንድ ያለው ዛፍ ላይ ከወገብዎ እስከ ራስዎ ከፍታ ድረስ ጥቁር ጠባሳ ካዩ፣ በክረምት ቅርፊቱን በጥርሳቸው የላጡት ነው። ያ የክረምት ቦታቸውን ይነግርዎታል፤ በኦገስት አይገኙበትም።

ከሁሉም የምወደው ምልክት ጭቃቸው ነው። ኮርማው በጫካ መሐል ያለ ረግረግ በቀንዱና በኮቴው ቆፍሮ ይሸናበታል፤ ከዚያ ይንከባለልበታል። አንዱን ያገኘሁት በአፍንጫዬ ነው። የወይፈን በረት የሚመስል፣ ግን የከረረ ጠረን ከነፋሱ ጋር መጣ። ተከትዬው ስሄድ ከአንድ የመኝታ ክፍል የማይበልጥ ጥቁር ጭቃ አገኘሁ፤ በጠርዙ ላይ የጎኑ ጸጉር ተስሎ ቀርቷል፣ ውኃው ገና አልጠራም፣ አረፋም ነበረው። ከሄደ ግማሽ ሰዓት አልሆነውም ማለት ነው። ድምፄን ሳላሰማ በመጣሁበት ተመለስሁ። እንዲህ ያለ ቦታ ሲያገኙ ፎቶ ለማንሳት ብለው አይዙሩት፤ ሽታዎ ለብዙ ሰዓት ይቀራል።

ነፋስን በተመለከተ ሁሉም ሰው የሚያስጠነቅቀኝ ለምንድን ነው?

ኤልክ ዓይኑ ቢያታልለው ቆሞ ያጣራል፤ ድምፅ ቢሰማም ይጠብቃል። የሰው ሽታ ከደረሰው ግን አይጠይቅም፤ ሸለቆውን ለቆ ይሄዳል።

መሠረቱ ቀላል ነው። ሌሊትና ማለዳ የቀዘቀዘ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ታች ይፈስሳል። ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው አየሩ ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል። ማምሻውን መልሶ ይወርዳል። ስለዚህ ጠዋት ከላይ ሆነው ቢመለከቱ ሽታዎ ወደ እነሱ ይወርዳል፤ ከጎን ወይም ከሸለቆው ማዶ መሆን ይሻላል። አደገኛው ጊዜ አየሩ አቅጣጫ የሚለውጥበት፣ ከጠዋቱ ሦስትና አራት ሰዓት ግድም ያለው ነው፤ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይላል። በአውድማ ላይ መንሽ ይዞ ነፋስ የሚጠብቅ ገበሬ ያየ ሰው ይህን ትዕግሥት ያውቀዋል። እኔ በትንሽ ብልቃጥ የጤፍ ዱቄት እይዛለሁ፤ ቆንጥሬ ስለቀው ወዴት እንደሚሄድ አያለሁ።

ድንኳኔን የት ልትከል?

ከሚያዩት ቦታ ራቅ ብለው፣ በኮረብታው ጀርባ። በሁለተኛው ዓመት የሠራሁት ስህተት ይህ ነበር፦ ውበቱ ማርኮኝ ከምንጭ አጠገብ፣ በለምለም ሜዳ መሐል ተከልሁ። ሌሊቱን ቅዝቃዜው ሁሉ ወደዚያ ጎድጓዳ ወርዶ ድንኳኔ በኦገስት በረዶ ለበሰ። ከዚያ የባሰው ግን ሜዳው የኤልኮቹ የማታ መሰማሪያ መሆኑ ነው። በጨለማ አንዲት ሴት ኤልክ እንደ ውሻ በሚመስል አጭር ጩኸት አስጠነቀቀች፣ ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማሁ፣ ከዚያ ጸጥታ። በቀሩት ሦስት ቀናት አንድም አልተመለሱም።

ከውኃም ከመንገድም ቢያንስ 60 ሜትር ይራቁ። ከሜዳው ትንሽ ከፍ ብሎ ጫካ ጠርዝ ላይ ያለ ደረቅና ለጥ ያለ መሬት ሞቅ ይላል። ከመትከልዎ በፊት ቀና ብለው ዛፎቹን ይመልከቱ። በትራፐርስ ሐይቅ ዙሪያ በ2002 የተነሣ ቃጠሎ ብዙ ጫካ በልቷል፤ በሌላውም ቦታ ጥንዚዛ ያደረቃቸው ዛፎች አሉ። ቆሞ የደረቀ ግንድ በነፋስ ቀን ያለ ማስጠንቀቂያ ይወድቃል።

እሳት የሚከለከልባቸው ደረቅ ወራት አሉ። ከመሄድዎ በፊት በሚከር ወይም በያምፓ ወዳለው የደን አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ይደውሉና ይጠይቁ፤ በመንገዱም ያለውን ሁኔታ ይነግሩዎታል። የሚታጠፍ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ካለዎት እሳት ባይኖርም አይቸገሩም።

ምን ስንቅ ልያዝ? ጾም ላይ ብሆንስ?

የቅኝቱ ጊዜ ከፍልሰታ ጾም ጋር ይገጥማል፤ ነሐሴ 1 ማለት ኦገስት 7 ነው። ብዙዎች በዚህ ይጨነቃሉ፤ እኔ ግን ከጾም ስንቅ የተሻለ የተራራ ስንቅ አላውቅም። በሶ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም፣ ጠዋት በጨለማ በጥብጠው ጠጥተው ይወጣሉ። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ቀኑን ሙሉ ኪስ ውስጥ ይቆያሉ። ማታ ሽሮ። ከፍታው 3,000 ሜትር ግድም ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሽሮው ከቤትዎ ይልቅ ጊዜ ይወስዳል፣ ጋዝ ጨምረው ይያዙ። ሌላው ዓለም ለደረቅ የተራራ ምግብ ብዙ ገንዘብ ይከፍላል፤ እናቶቻችን ለመንገደኛ ያዘጋጁት የነበረው ግን ለዚሁ የተሠራ ነው።

የምንጭ ውኃ ምንም ያህል ቢጠራ እንዳለ አይጠጡት። ሆድ የሚያውክ ጃርዲያ ይኖርበታል። በማጣሪያ ያሳልፉት ወይም ለሦስት ደቂቃ ያፍሉት።

ድብ አያስፈራም? ሌሎች አውሬዎችስ?

በኮሎራዶ ያለው ጥቁር ድብ ነው፤ ከሰው ይልቅ ምግቡን ይፈልጋል። ምግብ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሽቶ ያለው ማንኛውም ነገር ድንኳን ውስጥ አይግባ። በርበሬና ቅቤ የነካው ድስት ከሁሉ በላይ ይሸታል፤ አጥበው ከምግቡ ጋር ያስቀምጡት። ድብ የማይከፍተው ጠንካራ ዕቃ ይያዙ፣ ወይም ከድንኳንዎ ርቀው ከመሬት አራት ሜትር ያህል ከፍ አድርገው፣ ከግንዱም አርቀው ይስቀሉት።

እኔን ከድብ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሙስ ነው። ረጃጅም እግር ያለው፣ ከኤልክ የሚበልጥ እንስሳ ነው፤ በተለይ ጥጃ ያላት ሙስ ሰው ታጠቃለች። ካዩ ዛፍ በመካከል አድርገው ቀስ ብለው ይራቁ። በበጋ የበግ መንጋም ወደ አምባው ይወጣል፤ ከመንጋው ጋር ትልልቅ ነጫጭ ጠባቂ ውሾች አሉ። አይሩጡ፣ ድንጋይም አያንሡ፤ የአገራችንን የእረኛ ውሻ እንደሚያልፉት ረጋ ብለው፣ መንጋውን በሩቅ ዞረው ይለፉ።

እኔ የደጋ ሰው ነኝ፤ ከፍታው ምን ያደርገኛል?

አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር፣ ዴንቨር 1,600 ሜትር ግድም ላይ ነው። የትራፐርስ ሐይቅ ዳር ብቻ 2,900 ሜትር ያልፋል፤ ኮርማዎቹ ያሉበት ደግሞ 3,400 ነው። ሰውነታችን የለመደውን ከፍታ በጥቂት ሳምንታት ይረሳል፤ "እኔ ደብረ ብርሃን ነው ያደግሁት" የሚል ወንድም በመጀመሪያው ማታ ራሱን ይዞ ሲያስታውክ ያደረበት ጊዜ አለ። የመጀመሪያውን ሌሊት መኪናዎ አጠገብ ይደሩ፣ ውኃ ያብዙ። ራስ ምታቱ ከበረታና ማስታወክ ወይም መንገዳገድ ከመጣ እስኪሻል አይጠብቁ፤ ይውረዱ።

መብረቅ በዚህ ተራራ ላይ ቀልድ አያውቅም። በጁላይና በኦገስት ከቀትር በኋላ ደመናው በአንድ ሰዓት ውስጥ ተሰብስቦ ይዘንባል። ዴቭልስ ኮዝዌይ የሚባለው፣ በቦታ በቦታው አንድ ሜትር ያህል ብቻ የሚሰፋና ሁለቱም ጎኑ ገደል የሆነ ጠባብ ድልድይ መሰል ጠርዝ ብዙ ሰው ይስባል፤ መሄድ ካሰቡ ማለዳ ሄደው ከቀትር በፊት ይመለሱ።

ድሮን ወይም ብስክሌት ይዤ ብሄድ ሥራው አይቀልልኝም?

አይፈቀድም። በዚህ ጥብቅ የዱር አካባቢ ሞተርም፣ ብስክሌትም፣ ጎማ ያለው ጋሪም፣ በሞተር የሚሠራ መጋዝም አይገባም። ድሮን ለአደን ቅኝት መጠቀም በኮሎራዶ ሕግ ወንጀል ነው። በእግር ወይም በፈረስ ብቻ።

ምን ፈቃድ ያስፈልገኛል?

ለማየትና ለማደር የአደን ፈቃድ አያስፈልግም። ለማደን ግን ከ1949 መጀመሪያ ወዲህ የተወለደ ሰው ሁሉ የአዳኝነት ትምህርት ወስዶ የምስክር ካርድ መያዝ አለበት። በኮሎራዶ ቢያንስ ስድስት ወር በተከታታይ የኖረ ሰው በነዋሪ ዋጋ ይከፍላል፤ ልዩነቱ ብዙ ነው። አብዛኛው ፈቃድ በዕጣ ስለሆነና ማመልከቻው በአፕሪል መጀመሪያ ስለሚዘጋ በኦገስት ያሰበ ሰው ለዚያ ዓመት ሊረፍድበት ይችላል። ደንቡ በየዓመቱ ስለሚቀየር የግዛቲቱ የፓርኮችና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት የሚያወጣውን የዓመቱን መጽሔት ያንብቡ። በጠመንጃ ወቅት ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ደማቅ ልብስና ቆብ ግዴታ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የግሪን ካርድ ባለቤት መሣሪያ መያዝና ማደን ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን የጸና የአደን ፈቃድን የመሰለ በሕጉ የተዘረዘረ ምክንያት ከሌለው በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው። የስደት ጉዳይዎ ገና በሂደት ላይ ከሆነ ጠበቃዎን ሳይጠይቁ የጓደኛዎን ጠመንጃ እንኳ አይንኩ። መነጽር ይዘው ይምጡ፤ ለመነጽር ማንም አይጠይቅዎትም።

ሥጋው ይበላል? ጥሬውንስ?

ኤልክ ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ እንስሳ ነው፤ ከዚህ አንጻር ጥያቄ የለበትም። በጥይት ወይም በቀስት ስለወደቀ እንስሳ ግን የንስሐ አባትዎን ወይም ኢማምዎን አስቀድመው ይጠይቁ፤ እኔ የምመልሰው አይደለም።

ጥሬውን አይብሉ። የዱር ሥጋ እንደ ልኳንዳ ሥጋ ምርመራ አላለፈም፤ ጥገኛ ትልና ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። በተጨማሪ ሲ ደብሊው ዲ የሚባል የአጋዘን መሰል እንስሳትን አንጎል የሚያጠፋ በሽታ በኮሎራዶ አለ፤ መጀመሪያ የታየው በ1967 በዚሁ ግዛት በፎርት ኮሊንስ ነው። ማብሰል አያጠፋውም። ስለዚህ ጭንቅላቱን አስመርምረው ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋውን በማቀዝቀዣ ያቆዩ፤ በሽታው ከተገኘበት አይብሉት።

ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ስቡ ጥቂት፣ ጣዕሙ የጠለቀ ሥጋ ነው። ጥብሱ ቅቤ ይፈልጋል፣ ቋንጣው ግን ወደር የለውም። ከአንድ ኮርማ ወደ 90 ኪሎ ንጹሕ ሥጋ ይወጣል፤ ያንን በጀርባ ማውጣት አራት አምስት ምልልስ ነው። ስለዚህ በቅኝትዎ ጊዜ "ከዚህ ሸለቆ 90 ኪሎ ተሸክሜ እንዴት እወጣለሁ?" ብለው ይጠይቁ። መልስ ከሌለዎት እዚያ አያድኑ፤ ሥጋ ማበላሸት በሕግም ያስጠይቃል።

ልጆቼን ይዤ ብሄድስ?

ይውሰዷቸው። ስለ ተራራው ከማያ ገጽ ይልቅ ከእርስዎ ቢሰሙ ይሻላል። አንድ ሌሊት ይበቃል፣ ከመኪና አትራቁ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ፊሽካ በአንገቱ ይሰሩለት፤ ቢጠፋ ባለበት ቁጭ ብሎ እንዲነፋ ያስተምሩት።

በኦገስት ያየሁትን ኮርማ በሴፕቴምበር እዚያው አገኘዋለሁ?

ብዙውን ጊዜ አያገኙትም። መስከረም ሲጠባ በአንድ ሜዳ አብረው ሲግጡ የከረሙት ኮርማዎች ይጣላሉ፣ እያንዳንዱም ሴቶቹ ወዳሉበት ይወርዳል። ይህን ባለማወቅ ብዙ ሰው ባዶ ሜዳ ሲጠብቅ ወቅቱ ያልፍበታል። የስሪያው ጊዜ የሚግለው ከሴፕቴምበር አጋማሽ ወዲህ ነው፤ የደመራ ሰሞን ማለት ነው።

አንድ የመስቀል ዋዜማ ሳይነጋ ጉብታዬ ላይ ተቀምጬ የመጀመሪያውን ጩኸት ሰማሁ። ከ300 ኪሎ እንስሳ እንዲህ ያለ ቀጭን ድምፅ ይወጣል ብሎ የሚገምት የለም፤ ከሥር ጎርነን ብሎ ይጀምርና እንደ ዋሽንት ሽቅብ ይወጣል፣ በመጨረሻ በትንፋሽ ያንኳኳል። ከማዶ ሌላው መለሰለት። ሲነጋ ያየሁት ኮርማ በኦገስት ከነበረበት ብዙ ዝቅ ብሎ፣ ጥጃ ከያዙ አሥራ አንድ ሴቶች ጋር ነበር። እነዚያን ሴቶች በበጋው አይቻቸው "እነዚህ ሴቶች ናቸው" ብዬ ሳልመዘግባቸው አልፌ ነበር።

ስለዚህ በኦገስት የሴቶቹን ቦታም በካርታዎ ላይ በሌላ ቀለም ምልክት ያድርጉ።